ቤቱ ፈርሶ ቁልፉ ቀረ፦ የፍሬድሪክ ሞስ አጭር የሕይወት ታሪክ

የሰው ሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል አብዛኞቻችን የምንሮጠው ወደ ንጉሥ፣ ወደ አርበኛ ወይም ወደ ዘፋኝ ነው። ይሄ ክፋት የለውም። እኔ ግን ለዚህ እትም የመረጥኩት ስሙን ብዙ ሰው የሚያውቀውን፣ ስለ ሰውየው ግን ብዙም የማይጠየቅለትን አንድ ጀርመናዊ ነው። ስለ ማዕድናት በሚያወራ መጽሐፍ ሁሉ ከታልክ እስከ አልማዝ ያሉ አሥር ማዕድናት በተርታ ይጻፉና ከላያቸው «የሞስ የጥንካሬ መለኪያ» የሚል ርዕስ ይደረግባቸዋል። ሞስ የሰው ስም ይሁን፣ የከተማ ይሁን፣ ወይስ የመሣሪያ፣ ያ ሰንጠረዥ አይነግራችሁም።

ሞስ ሰው ነው። ያውም ዕድሜ ልኩን አንድ ትልቅ ቤት ሲሠራ ኖሮ ቤቱ የፈረሰበት ሰው። የሚገርመው ነገር ለዚያ ቤት በር መክፈቻ ብሎ የሠራት ትንሽ ቁልፍ ግን እስከ ዛሬ አለች፤ የትም አገር፣ ማንም ሰው ኪስ ውስጥ ትገባለች። ስለ ቤቱም ስለ ቁልፉም በዚህች ጽሑፍ የማውቀውን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሃርዝ ተራሮች እስከ ፍራይበርግ

ፍሬድሪክ ሞስ የተወለደው ጃንዋሪ 29 ቀን 1773 ገርንሮደ በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ነው። ከተማዋ ያለችው በሃርዝ ተራሮች ግርጌ ሲሆን፣ ሃርዝ ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ብር፣ እርሳስና መዳብ ሲወጣበት የኖረ አካባቢ ነው። አባቱ ነጋዴ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር የሚያድግ ልጅ ድንጋይ ማለት ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ፣ እንጀራም እንደሆነ ሳይማር ያውቃል።

ልጁ በግል አስተማሪ ተምሮ በ1796 ሃለ ዩኒቨርሲቲ ገባ። 23 ዓመቱ ነበር፤ ማለትም ከእኛ ክፍል አብዛኛው ተማሪ ትንሽ ይበልጣል። እዚያም ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተማረ። በ1798 ደግሞ ወደ ፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ ተሻገረ። ይህ አካዳሚ በ1765 የተቋቋመ ሲሆን በዘመኑ ስለ ማዕድን መማር የፈለገ አውሮፓዊ ሁሉ የሚመኘው ቦታ ነበር። ለዚህም ዋናው ምክንያት አብርሃም ጎትሎብ ቬርነር የሚባለው መምህር ነው። የዓለም ተጓዡ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ሳይቀር የቬርነር ተማሪ ነበር።

ቬርነር ምን አስተማረ? ድንጋይን በደንብ ማየትን። ቀለሙ ምን ይመስላል? ያብረቀርቃል ወይስ ደብዛዛ ነው? ሲዳሰስ ይለሰልሳል ወይስ ይሻክራል? ከብዶ ይታያል ወይስ ይቀላል? ለእያንዳንዱ ቃል አበጀለት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከእሱ በፊት ብዙው ሰው እንደ መሰለው ነበር የሚናገረው። ሆኖም አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ቬርነር ማዕድናትን ጠንካራ፣ ከፊል ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ በጣም ለስላሳ እያለ ይከፍላቸው ነበር። ታዲያ «ከፊል ጠንካራ» ማለት ምን ያህል ነው? አንዱን በእንባ የሚያስለቅስ ሚጥሚጣ ሌላው ትንሽ ጨምሩልኝ ይልበት የለ? ቃሉ አንድ ነው፣ ምላሱ ግን ይለያያል። በሌላ ከተማ ተቀምጦ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የቬርነርን እጅ አብሮ አይቀበልም።

ሞስ ይህን ትምህርት ይዞ ወጣ። በ1801 ወደ ሃርዝ ተመልሶ ኖይዶርፍ በሚባል ቦታ የማዕድን ማውጫ ሠራተኞች አለቃ ሆነ። ብዙም አልቆየበትም፤ በ1802 ወደ ኦስትሪያ ሄደ።

የባለ ባንኩ ድንጋዮች

ቪየና ውስጥ ያኮብ ፍሬድሪክ ፋን ደር ኑል የሚባል ባለ ባንክ ነበር። ይህ ሰው ብዙ የሚያማምሩ የማዕድን ናሙናዎች ሰብስቧል። ሀብታሙ ድንጋዩ አለው፤ የድንጋዩን ማንነት በሥርዓት የሚነግረው ባለሙያ ግን ያስፈልገዋል። ለዚህ ሥራ የተቀጠረው ሞስ ነው። ሥራው እያንዳንዱን ናሙና አንስቶ ምን እንደሆነ መለየት፣ መግለጽና በዝርዝር መመዝገብ ነበር። መዝገቡ በ1804 ታትሞ ወጣ። ስብስቡም በኋላ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት የማዕድን ቤተ መዘክር ንብረት ሆኗል።

እኔ በሞስ ሕይወት ውስጥ ቁልፏ የተጠነሰሰችው እዚህ ይመስለኛል። በቀን በቀን ያልታወቀ ድንጋይ ይቀርብለታል። አንዳንዱ ስሙ የተሳሳተ ነው፣ አንዳንዱ ምንም ስም የለውም። ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ካልሳይት፣ አንዱ ኳርትዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ዓይን ብቻውን አይበቃም። በዚያ ላይ ናሙናው የሰው ንብረት ነውና ሰባብሮ አሲድ ውስጥ መንከር አይቻልም። ስለዚህ ድንጋዩን ሳያጠፉ፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ ማንም ቢደግመው አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ1811 አርክዱክ ዮሐን የተባለው የንጉሡ ቤተሰብ ግራትስ ከተማ ውስጥ ዮሐነዩም የሚባል የትምህርትና የሙዚየም ተቋም መሠረተ። ሞስ በ1812 በዚያ ፕሮፌሰር ሆነ። ስሙን ያስጠራችው መለኪያም የመጣችው በዚሁ ዘመን ነው።

ሐሳቡ በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሳ ሰው እንዴት ቀድሞ አላሰበውም ያሰኛል። በእርግጥ ድንጋይን በድንጋይ መጫር ከጥንት ጀምሮ ነበር፤ ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጽፎበታል፣ ማዕድን ቆፋሪዎችም በቢላዋ ጫር ያደርጉ ነበር። ሞስ ያደረገው አሥር የታወቁ ማዕድናትን መርጦ መደርደር ነው። 1 ታልክ፣ 2 ጂፕሰም (ጄሶ የሚሠራበት)፣ 3 ካልሳይት፣ 4 ፍሎራይት፣ 5 አፓታይት፣ 6 ፌልድስፓር፣ 7 ኳርትዝ፣ 8 ቶጳዝ፣ 9 ኮረንደም (ሰንፔርና ቀይ ዕንቍ የዚህ ወገን ናቸው)፣ 10 አልማዝ። እያንዳንዱ ከእሱ በታች ያሉትን ሁሉ ይጭራል፣ ከእሱ በላይ ባሉት ሁሉ ይጫራል። ያልታወቀ ድንጋይ ሲመጣ ካልሳይትን ከጫረ፣ በፍሎራይት ደግሞ ከተጫረ ጥንካሬው በ3 እና በ4 መካከል ነው። አለቀ። «ከፊል ጠንካራ» የሚል ክርክር የለም።

እዚህ ላይ ጥንካሬ ሲባል በመዶሻ ሲመታ አለመሰበር ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። አልማዝ በመዶሻ ቢመታ ይፈረከሳል። የሞስ ጥንካሬ ማለት አለመጫር ነው።

እቤት ውስጥ ያለችው ላቦራቶሪ

አሁን ወደ እኛ ቤት ልግባ። የሞስን ታሪክ ሳነብ ዝም ብዬ ማንበብ ስላልቻልኩ መሞከር ጀመርኩ። አሥሩን ማዕድናት ከየት ላምጣ? ደግነቱ አያስፈልጉም። የእጅ ጥፍር ጥንካሬው 2.5 ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ 3 አካባቢ። የወጥ ቤት ቢላዋና የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ። ቢላዋ የሚሳልበት የብረት ሞረድ 6.5 ይደርሳል። ይኸው፣ ሙሉ ላቦራቶሪ!

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ድንጋይና ማዕድን አንድ አይደሉም። ድንጋይ እንደ ንፍሮ ነው፤ ማዕድኑ ባቄላው፣ ስንዴው፣ ሽምብራው ነው። ግራናይት ብታዩ ኳርትዝም፣ ፌልድስፓርም፣ ሚካም አለበት። ስለዚህ የሚጫረው ድንጋዩ በደፈናው ሳይሆን ውስጡ ያለው አንዱ ፍሬ ነው። ደግሞም ዝናብና ፀሐይ ያለሰለሰውን የውጭ ቅርፊት ትቶ አዲስ የተሰበረ ገጽ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይበልጥ የሚጥም ነው። ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ ስታስኬዱት መስመር ታያላችሁ። ወዲያው ተጫረ ብላችሁ እንዳትጽፉ! ጣታችሁን አርጥባችሁ ጥረጉት። መስመሩ ከጠፋ የተጫረው ድንጋዩ ሳይሆን ቢላዋው ነው፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው የብረቱ ዱቄት ነበር ማለት ነው። መስመሩ ካልጠፋና በጥፍር ሲዳሰስ ጉድጓዱ ከተሰማ ድንጋዩ ተጭሯል። ከዚያ ደግሞ አገላብጦ መሞከር ነው፤ ድንጋዩ በተራው ብረቱን ይጭራል ወይ? ሁለቱም ወገን ሳይጠየቅ ውሳኔ የለም። ሞስ ራሱ በዚህ ብቻ አልረካም ነበር፤ ናሙናውን በደቃቅ ሞረድ ላይ እያሸ ድምፁንና የሚወጣውን ዱቄት መጠን ያነጻጽር ነበር።

መስታወት ላይ የምትሞክሩ ከሆነ መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት እንጂ በእጃችሁ አትያዙት፤ ይቆርጣል። ጌጥ ሆኖ የተወለወለ ድንጋይም አይጫርም። ከወገል ጤና የሚወጣው ኦፓል ጥንካሬው ከመስታወት ብዙም አይርቅም፤ ጭሮ ማበላሸት እንጂ ብዙ የሚገኝ መልስ የለም።

ከጥንካሬ ሌላ ሞስ የሚጠቀምባቸው መለያዎች ነበሩ፤ እነሱም እቤት ይሠራሉ። አንደኛው የዱቄት ቀለም ነው። ድንጋይ ከላይ ሲያዩት በብዙ ቀለም ያታልላል፤ ሲፈጭ ግን ብዙ ጊዜ እውነተኛ ቀለሙ ይወጣል። ለዚህ ያልተቀባ ሸክላ ያስፈልጋል። የቡና ሲኒ ገልብጡና ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥበትን ቀለበት ዳስሱት፤ ሻካራ ነው፣ አያብረቀርቅም። ድንጋዩን እዚያ ላይ ማሸት ነው። ሄማታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ከላይ ጥቁር ብረታማ ሆኖ ሳለ ሲኒው ላይ ቀይ መስመር ይጥላል።

ሌላው ክብደት ነው። ድንጋዩን በደረቁ መዝኑት። ቀጥሎ በክር አንጠልጥላችሁ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቃችሁ መዝኑት። ደረቁን ክብደት ውኃ ውስጥ በቀነሰው መጠን ስታካፍሉት ድንጋዩ ከውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ታገኛላችሁ። ኳርትዝ 2.65 ነው፣ ወርቅ ደግሞ 19.3። ጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ላይ ሎሚ ብትጨምቁበትም ቀስ ብሎ አረፋ ያወጣል፤ ኳርትዝ ግን ንቅንቅ አይልም። አሞሌ ጨው በጥፍር ሊጫር ምንም ያህል አይቀረው፤ ቀምሶ መለየትም ይቻላል። ያልታወቀ ድንጋይ ግን መላስ አይገባም፣ እርሳስና አርሴኒክ ያለባቸው አሉና።

ይሄን ሁሉ ሳወራ የሰማው አጎቴ አንድ ቀን ከቁም ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ አወጣ። ከአሥር ዓመት በፊት ወደ ደቡብ ለሥራ ሲሄድ ያገኘው ነው። ቢጫ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ከበድም ይላል። አንድ ደላላ ወርቅ ነው ብሎት ነበር። ያ ሰው ለምርመራ ክፈል እያለ በተለያየ ጊዜ ገንዘብ ወስዶበታል፤ መልስ ግን አምጥቶለት አያውቅም። አጎቴ ድንጋዩን ለማንም ማሳየት የማይፈልገው ስለሚቀማ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው መልሱን ፈርቶም ሊሆን ይችላል።

«አጎቴ፣ ልሞክረው ወይስ ይቅር?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና ሲኒ አምጪ አለኝ። ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ጥንካሬው ከ2.5 እስከ 3 ነው፣ ቢላዋ በቀላሉ ይጭረዋል፣ ሲኒ ላይም ቢጫ መስመር ይጥላል። የአጎቴን ድንጋይ ቢላዋ እምቢ አለው፤ እንዲያውም መስታወቱን ጫረው። ሲኒው ላይ የተወው መስመር ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ነበር። በሠፈር ባለ ሱቅ ሚዛን 150 ግራም ሆነ፤ ውኃ ውስጥ ስናጠልቀው ወደ 30 ግራም ቀነሰ። 150 ሲካፈል ለ30፣ 5 ነው። ሦስቱም መልሶች አንድ ስም ይጠራሉ፦ ፓይራይት። የብረትና የድኝ ውህድ ነው፤ ፈረንጆቹ የሞኝ ወርቅ ይሉታል። እኔ ግን ያንን ስም ለአጎቴ አልነገርኩትም፤ ሞኝ አልነበረማ! ጠያቂ እንጂ ጥያቄ አልተሰጠውም ነበር። ሌላ ሰው በገንዘብ ሊነግረው ቃል የገባለትን መልስ በገዛ ሲኒው አገኘው። ፊቱ ላይ ሐዘን ነበር፣ ውሸት አልልም። ግን ለደላላው ሌላ ብር አይከፍልም። ድንጋዩን አልጣለውም፤ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

እንግዲህ ሞስ የባለ ባንኩን ድንጋይ ሲለይ እውቀቱ የሚያስፈልገው ሀብታሙን ነበር። መለኪያዋ ግን ሀብታም አትመርጥም። የእኔን ልብ የነካው ይሄ ነው።

ትልቁ ቤት

ወደ ሰውየው ልመለስ። በ1817 መምህሩ ቬርነር ሞተ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1818፣ ሞስ የመምህሩን ወንበር ለመውረስ ወደ ፍራይበርግ ተጠራ። አንድ ሰው በተማረበት ቤት በመምህሩ ቦታ ከመቀመጥ በላይ ምን ክብር አለ? እዚያም ዋናውን መጽሐፉን በሁለት ቅጽ በ1822 እና በ1824 አወጣ። ተማሪው ቪልሄልም ሃይዲንገር ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1825 ኤድንብራ ታተመ።

ለሞስ ለራሱ የጥንካሬ መለኪያው የሕይወቱ ሥራ አልነበረም። የሕይወቱ ሥራ ይሄ መጽሐፍ ነበር። ዓላማው ስዊድናዊው ሊኔየስ ዕፅዋትን በወገንና በዝርያ እንደከፋፈለው ሁሉ ማዕድናትንም እንዲሁ መደልደል ነው። መለያዎቹም የክሪስታል ቅርጽ፣ ጥንካሬና ክብደት ብቻ እንዲሆኑ ፈለገ። ኬሚስትሪ አይግባበት አለ። የዕፅዋት ተመራማሪ አበባን ለማወቅ አያቃጥላትም፤ ማዕድንንም ለማወቅ ማጥፋት የለብንም የሚል ነበር መከራከሪያው። ለማዕድናቱም ቅርጻቸውንና ወገናቸውን የሚናገሩ አዳዲስ ረጃጅም ስሞች አወጣላቸው። አየርንና ውኃን ሳይቀር ከማዕድናት ተርታ አስገባ። ክሪስታሎችን በሥርዓት በመክፈል ረገድ ግን እውነተኛ እርምጃ ነበረው፤ ዘንጎቻቸው ያዘነበሉ የክሪስታል ዓይነቶች ራሳቸውን የቻሉ ወገኖች መሆናቸውን አሳይቷል። በዚህም ከበርሊኑ ቫይስ ጋር ማን ቀደመ በሚል ተወዛግቧል።

ችግሩ ዘመኑ በሌላ በኩል እየሮጠ ነበር። ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርዜሊየስ በ1814 ማዕድናትን በተሠሩበት ንጥረ ነገር መመደብ ጀምሯል። የጠቡን ልክ ለማየት አልማዝንና ግራፋይትን ተመልከቱ። ግራፋይት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። እንግሊዛዊው ቴናንት በ1797 አልማዝን አቃጥሎ ካርቦን ብቻ መሆኑን አረጋግጧል፤ ግራፋይትም ካርቦን ነው። ለኬሚስቶቹ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው። ለሞስ ደግሞ አልማዝ 10 ላይ የተቀመጠ ዕንቍ ነው፣ ግራፋይት በጥፍር የሚጫር ቅባታም ነገር፤ ስለዚህ በተለያዩ ክፍሎች አስቀመጣቸው።

ማን ልክ ነበር? እንደ እኔ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘው ነበር። መልሱ የመጣው ሞስ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1913 ብራግ የሚባሉት አባትና ልጅ በኤክስሬይ የአልማዝን ውስጣዊ አደራደር አሳዩ። አልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አተም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በየአቅጣጫው ተቆላልፏል። ግራፋይት ውስጥ ግን አተሞቹ እንደ ስስ ገጾች ተነባብረው ነው ያሉት፤ ገጹ ከገጽ ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል። ዛሬ ማዕድን የሚለየው በሁለቱም ነው፤ በንጥረ ነገሩም፣ በአደራደሩም።

በዘመኑ ግን ያሸነፈው ኬሚስትሪ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ዳና በ1837 ያወጣው ታዋቂ የማዕድን መጽሐፍ የሞስን መንገድ የተከተለ ነበር፤ በ1854ቱ እትም ግን በኬሚካዊ ምደባ ተተካ። የሞስ ረጃጅም ስሞችም ተረሱ። ትልቁ ቤት እንዲህ ፈረሰ።

አጎርዶ

ሞስ በ1826 ወደ ቪየና ተመልሶ በዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በንጉሠ ነገሥቱ የማዕድን ቤተ መዘክርም ያስተምር ነበር። በ1835 ማስተማሩን ተወና በመንግሥት የማዕድን ጉዳይ አማካሪ ሆነ። እንደገና ወደ ወጣትነቱ ሥራ፣ ወደ ጉድጓዱና ወደ ተራራው ተመለሰ ማለት ይቻላል።

በ1839 ወደ ጣልያን ጉዞ ጀመረ። ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው፣ ከቤሉኖ አቅራቢያ ባለችው አጎርዶ ሲደርስ ታመመና ሴፕቴምበር 29 ቀን 1839 አረፈ። 66 ዓመቱ ነበር። አጎርዶ የማዕድን ከተማ ናት፤ በአጠገቧ የሚቆፈረው መዳብ ያለበት ፓይራይት ነበር። የአጎቴን ድንጋይ ዘመድ አገር ሄዶ ነው የሞተው።

መለኪያዋ እንከን የላትም ማለቴ አይደለም። ቁጥሮቿ ደረጃን እንጂ ርቀትን አይናገሩም። ከ9 ወደ 10 አንድ እርምጃ ይመስላል እንጂ አልማዝ ከኮረንደም ወደ አራት እጥፍ ይጠነክራል። ካያናይት የሚባለው ማዕድን ደግሞ በርዝመቱ ሲጫር 4.5፣ በወርዱ 6.5 ገደማ ይሆናል፤ አንድ ድንጋይ ሁለት መልስ! ለዚህ ነው ፋብሪካና ላቦራቶሪ ሌሎች መለኪያዎችን የሚጠቀሙት። እቤት ውስጥም አንድ ጭረት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ዱቄቱም፣ ክብደቱም ሲስማሙ ነው ስም የሚጠራው።

ቢሆንም ከ200 ዓመት በላይ ሆኗት ጂኦሎጂስቱ ሜዳ ሲወጣ ዛሬም ይዟት ይወጣል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው የስልክ መስታወት በቁልፍ ሳይጫር በአቧራ የሚጫረውም በእሷ ይገባችኋል፤ አቧራው ውስጥ ያለው አሸዋ ኳርትዝ ነው፣ 7፤ ቁልፉ ግን ከመስታወቱ ይለሰልሳል።

ሞስ ሲሞት በስሙ የሚቀረው ያ ትልቁ መጽሐፍ መስሎት ይሆናል። የቀረው ግን ከትልቁ መጽሐፍ ውስጥ አሥር መስመር ነው። እኔ ይሄን ሽንፈት ለማለት ይከብደኛል። ትልቁ መጽሐፍ ሞስን ማመን ይጠይቃል፤ አሥሩ መስመሮች ግን ማንንም እመኑ አይሉም። ቢላዋ አንሱና ራሳችሁ ጠይቁት ነው የሚሉት።